የቀንድ አውጣው ጥለት

ያን ቀን ቺኑክ ገባ። ጠዋት ማርልቦሮ ባቡር ጣቢያ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ሽፋሽፍቱ በረዶ ሠርቶ፣ አንገቱን ጃኬቱ ውስጥ ቀብሮ ነበር። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ከተራሮቹ በኩል ቺኑክ የሚሉት የሞቀ ነፋስ መጣና ከተማውን ገለበጠው። በምዕራብ በኩል ደመናው እንደ ቅስት ተዘርግቶ ከሥሩ ጥርት ያለ ሰማይ አሳየ። ከየጣሪያው ውኃ ተንጠባጠበ፤ የእግረኛው መንገድ ጭቃ ሆነ፤ የጎረቤት ልጆች በካናቴራ ወጥተው ከኩሬ ኩሬ ዘለሉ። የካልጋሪ ክረምት እንዲህ ነው፤ አንድ ቀን ይምራል፣ በማግስቱ ምሕረቱን ረስቶ ይመለሳል።

ተናኘን ቺኑክ ሲገባ ራሷን ያማታል። በዚያ ላይ ከማለዳ ጀምሮ የሆቴል አልጋ ስታነጥፍ ውላ መግባቷ ነው። ጫማዋን አውልቃ ጋደም ልትል ስትል የበድሉ ዓሣዎች ትዝ አሏት። "እነሱም ምሳ ይጠብቃሉ" አለችና ደረጃውን እየደገፈች ወደ ላይ ወጣች።

በድሉ አከራይዋ ነው። ከላይ እሱ ይኖራል፣ ከታች ቤዝመንቱን እሷ ይዛለች። የከተማ አውቶቡስ ይነዳል፤ አርባን አልፏል፤ አላገባም። ለምን አታገባም ያለውን ሁሉ ሳሎን ያስገባና ግድግዳውን የሞላውን የመስታወት ገንዳ ያሳየዋል። "እኔ ባለትዳር ነኝ" ይላል። ገንዳው ቀይ ዓሣ የሚዞርበት ተራ ገንዳ አይደለም። ጨው እየበጠበጠ፣ ሙቀቱን እየለካ፣ እውነተኛ የባሕር ውኃ አድርጎታል። የገዛው ከከተማው ሊለቅ ከነበረ ሰውዬ ላይ ነው፤ ከነአሸዋው፣ ከነድንጋዩ፣ ከነነፍሳቱ። "ባሕር ሳናይ አድገን፣ ባሕር የሌለበት ከተማ መጥተን፣ አንተ ባሕሩን ሳሎን አስገባኸው" ትለዋለች ተናኘ። እሱም ይስቃል።

በዚያ ሰሞን እናቱን ሊጠይቅ አዲስ አበባ ሄዶ፣ ገንዳውን ለሷ አደራ ብሎ ነበር። ሲሄድ ሻንጣውን በር ላይ አቁሞ ሦስት ጊዜ ተመልሷል። "እትዬ ተናኘ፣ ምግቡ በቁንጥር ነው። ጉርሻ የለም፣ እሺ? ያበላሹብኛል" እያለ።

ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር ያብሰለስለው ነበር። የመስታወቱን አረንጓዴ እየላሱ እንዲያጸዱለት የሚገዛቸው ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች አንድ በአንድ ይሞታሉ። ሬሳ የለም፤ ጠዋት ሲነሣ ባዶ ቅርፊታቸው አሸዋው ላይ ተጋድሞ ያገኛል። መጀመሪያ ጨው በዝቶ ነው አለ፣ ቀጥሎ ውኃው ነው አለ፣ በመጨረሻ ዓይኑን ወደ ተናኘ እጅ ወረወረ። "እትዬ፣ መቼም በረኪና በነካ እጅዎ አልገቡበትም አይደል?" አለ። ተናኘ ነገሩን ሆዷ ውስጥ አኖረችው። የሆቴል ሥራ እጇን ሰነጣጥቆታል እንጂ የሰው ቤት ገንዳ ውስጥ የሚያስገባ ብልግና አላስተማራትም።

ተናኘ ማን ናት ቢባል ብዙ የሚወራላት ሴት አይደለችም። ሽሮ ሜዳ የሸማኔ ልጅ ሆና አደገች። አባቷ ከሽመና ዕቃው ሥር በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲሸምን እሷ አጠገቡ ማግ እያጠነጠነች፣ ትምህርቷ እዚያው በማጉ መሃል ተበጠሰ። በሱዳን በኩል አድርጋ ካናዳ ከገባች ሃያ ዓመት አልፏታል። ልጅ አልወለደችም። ጥዋት ጥዋት ሆቴል ትሠራለች፤ ከሰዓት በኋላ ከአገር ቤት በምታስመጣው ፈትል ላይ የሐበሻ ቀሚስ ትጠልፋለች፤ በእጇ፣ በመርፌ። ጥልፏ እንደ አባቷ ሽመና በቁጥር ነው። ይህን ያህል ክር ወደ ላይ፣ ይህን ያህል ወደ ጎን፣ ከዚያ ያንኑ መልሶ። በአንድ ወቅት ከኤድመንተን ሳይቀር እየመጡ ያሠሯት ነበር።

አሁን ግን ሰዉ ቀሚስ የሚመርጠው ስልኩን በጣቱ እየገፋ ሆኗል። በማሽን ተጠልፎ በሳምንቱ ደጃፍ ይደርሳል። የቀሩት ጥቂት ደንበኞችም "ይሄን እኮ ለእኅቴም ሠርተሽላታል" ይሏታል። እውነታቸውን ነው። ከአባቷ የወረሰቻቸውን ጥለቶች ሃያ ዓመት ስታዞራቸው ኖራለች። በዚህ መሃል የሆቴሉ አለቃ ልብስ ማጠቢያው፣ ላውንደሪ ክፍል ሙሉ ቀን የሚያሠራ ፉልታይም ሥራ ተከፍቷል፣ እስከሚቀጥለው ወር መጨረሻ መልስ ስጪኝ አላት። ፉልታይም ከገባች መርፌ መያዣ ሰዓትም ጉልበትም እንደማይተርፋት ታውቃለች።

"ያዢውና እረፊ" አለቻት መሲ፣ አብራት አልጋ የምታነጥፈው ጓደኛዋ። "የሕክምና ቤኒፊት አለው። ጥርስሽን ታሠሪያለሽ።"

"ጥርሴ ምን ሆነ?"

"እስክታሠሪው ድረስ አልነግርሽም።"

ተናኘም አንድ ቀሚስ እስክትጨርስ ብላ መልሱን አቆየችው። ቀሚሱ የሳምሪ ነው። ሳምሪ እዚሁ ካልጋሪ ተወልዳ ያደገች፣ ኤሪን ውድስ ሰፈር ከወላጆቿ ጋር የምትኖር ልጅ ናት። መርዕድ የሚባል ጎረምሳ ሊያገባት ነው። ቀሚሱን ልታዝ መጥታ የተናኘን የጥለት ናሙና ሁሉ አልጋው ላይ ዘርግታ አየች።

"እትዬ ተናኘ፣ ኪዩት ናቸው፣ ላይክ ሪሊ ኪዩት። ግን ይሄን ያክስቴ ልጅ አድርጋዋለች። ይሄንን ደግሞ ማሚ። እኔ የኔ ብቻ የሆነ ነው የምፈልገው። ማንም ያላደረገው። ትችያለሽ?"

"አንቺ" ማለቷን ተናኘ አልታዘበቻትም፤ ልጅቷ ለቄሱም እንዲሁ ናት። የታዘበችው ራሷን ነው። እችላለሁ የሚል ቃል ካፏ ወጣና ልጅቷን ከሸኘች በኋላ ከየት እንደምታመጣው ጨነቃት። ሳምንታት አለፉ፤ ጨርቁ ተቆርጦ ተሰፍቶ ቀረ፤ ጥለቱ ግን የለም። በሆዷ ወሰነች። ይቺን ቀሚስ የሚመጥን ነገር ካጣች፣ ወይም ሠርታው ካልተወደደላት፣ ላውንደሪ ትገባለች፤ መርፌም ከዚያ ወዲያ አትነካም።

እንግዲህ በዚያ የቺኑክ ቀን ራሷን ይዛ ከዓሣዎቹ ፊት የቆመችው ይህ ሁሉ ሆዷ ውስጥ እያለ ነው። ምግቡን በቁንጥር በተነች። ዓሣዎቹ ተሻሙ። ልትመለስ ስትል ከድንጋዩ ሥር አሸዋው ትንሽ ተነሣ። ዓይኗን ጣለችበት። የጣት ቁመት ያህል፣ አንድ ጫፉ የሰላ ዛጎል ከአሸዋው ወጥቶ ጋደም ብሏል። መልኩ ወርቅማ ነው። በላዩ ላይ ነጫጭ ድንኳን የመሰሉ ሦስት ማዕዘኖች፣ በቡናማ ክር የተከፈፉ የሚመስሉ፣ ትልቁ በትንሹ ላይ፣ ትንሹ በትልቁ ሥር ተደራርበው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልተውታል።

ተናኘ ራስ ምታቷን ረሳችው። "ማነው ይሄን የጠለፈው?" አለች ለራሷ።

ባዶ ዛጎል መሰላት። ከሞቱት ከአንዱ የቀረ። ታች ወስዳ በደንብ ብርሃን ላይ ልታየው አሰበች። እጅጌዋን ሰበሰበች፤ ጣቶቿ ውኃውን ሊነኩ ሲሉ ሁለት ነገር ያዛት። አንደኛው፣ የተሰነጠቀ እጅ ጨው ሲነካው እንደ እሳት ነው። ሁለተኛው የበድሉ አፍ ነው። "በረኪና በነካ እጅ" አላት አይደል? እንዲያ ከሆነማ እጇን አትከትም። ወደ ራሷ ወጥ ቤት ወርዳ ጭልፋ አመጣች፣ ዛጎሉን ከነአሸዋው ዘገነች፣ ከነትንሽ ውኃው ጠርሙስ ውስጥ ጨመረችው።

ቤዝመንቱ ውስጥ ጠርሙሱን መስኮቱ ሥር ጠረጴዛው ላይ፣ ከክሮቿና ከዳቦው አጠገብ አስቀመጠች። ወረቀት ይዛ መቁጠር ጀመረች። ስንት ድንኳን ወደ ጎን፣ ስንት ወደ ታች፣ የት ላይ ይደገማል። አልደገም አላት። አንዱ ድንኳን አንዱን አይመስልም። ይደገማል ብላ ከጠበቀችበት ቦታ ሁሉ ሌላ ሆኖ ይጠብቃታል። ግን ዓይን ሲያርፍበት ደግሞ አንድም የተሳሳተ የለም። ቁጥሩን ትታ ዝም ብላ ማየት ያዘች። እንዲህ ስታይ ከሰላው ጫፍ በኩል ቀጭን ቱቦ ቀስ ብሎ ወጣ። ነጭ ነው፣ አንገቱ ላይ ጥቁር ቀለበት፣ ከንፈሩ ቀይ። ግራና ቀኝ እያለ ውኃውን አሸተተ።

"ውይ፣ ሰው ቤት ነህ ለካ" አለችው ተናኘ። "ይቅርታ፣ ባዶ መስሎኝ ነው።" ደግሞም ያየችውን ወረቀቱ ላይ መሳል ጀመረች።

ራቷን ልትበላ ስትል በድሉ በቪዲዮ ደወለ። እዚያ ገና መንጋቱ ነው፤ እናቱ ቤት አልጋ ላይ ሆኖ ፀጉሩ ተንጨፍርሯል።

"ዓሣዎቹስ እትዬ?"

"ካንተ ይሻላሉ። እነሱ አበጥረው ነው የሚያድሩት። ይልቅ ይሄን የመሰለ ዕቃ አሸዋ ውስጥ ቀብረህ እስከ ዛሬ አታሳየኝም?" ብላ ስልኩን ወደ ጠርሙሱ አዞረች።

በድሉ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ፤ ለተናኘ የቀራት ግንባሩ ብቻ ነው።

"በድሉ?"

"እትዬ ተናኘ፣ በምን አወጡት?"

"በጭልፋ።"

"በእጅዎ አልነኩትም? በጣትዎ፣ ትንሽ እንኳ?"

"በረኪና ነካሽበት እንዳትለኝ ነዋ።"

በድሉ አልጋው ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ለአውቶቡስ ተሳፋሪ መንገድ ተዘግቷል ብሎ እንደሚያስረዳ ሁሉ አስረዳት። ይሄ የባሕር ቀንድ አውጣ ነው፤ ቀይ ባሕርም ውስጥ አለ። መርዘኛ ነው። አፉ ውስጥ እንደ መርፌ ያለ ጥርስ አለው፤ ያንን ወርውሮ ይወጋል። ትናንሽ ቀንድ አውጣዎቹን ሲበላ የከረመው እሱ ነው፤ የገዛ ወገኑን ነው የሚበላው። ሰውም ቢነካው ይወጋል፣ ሊገድልም ይችላል፣ ማርከሻ የለውም። ሰውዬው ገንዳውን ሲሸጥለት አሸዋው ውስጥ ተቀብሮ አብሮ መጥቷል ማለት ነው።

"መርፌ ነው ያልከው?" አለች ተናኘ።

"መርፌ።"

ጠርሙሱን አየችው። ፍርሃቱ ዘግይቶ መጣ። ዳቦውን ከአጠገቡ አራቀች። "እንግዲህ የሙያ ጓደኛዬ ነው" አለች።

"እትዬ፣ ቀልዱን ይተዉ። በጭልፋው ይዘው፣ ገንዳው ውስጥ ጎኑ ላይ የተንጠለጠለችው ክዳን ያላት ትንሿ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ይመልሱት። ስመጣ አውቃለሁ። ጭልፋውን ይጣሉት።"

"ጭልፋዬን?"

"ሌላ እገዛልዎታለሁ።"

"በፈላ ውኃ እቀቅለዋለሁ። ደግሞ በድሉ፣ የቀንድ አውጣዎችህን ነገር ይቅርታ የሚጠይቀኝ ማነው?"

በድሉ ከአልጋው ወርዶ ስልኩ ፊት እጅ ነሣ።

ከዚያ በኋላ ተናኘ ሥራ ያዘች። መቁጠሩን ተወችው። አባቷ ቢያያት ያማትብ ነበር፤ እሷም መጀመሪያ ላይ እጇ እንቢ እያላት፣ ወደ ቁጥሩ እየሸሸ አስቸግሯታል። ቢጫማ ክር፣ ነጭ ክር፣ ቡናማ ክር። አንዱን ድንኳን ጠልፋ የሚቀጥለው ምን ያህል እንደሚሆን የምታውቀው እሱ ጋ ስትደርስ ብቻ ነው። በየቀኑ ከሆቴል ስትመለስ ላይ ወጥታ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ታየዋለች፣ ትወርዳለች፣ ትጠልፋለች። ለብዙ ዓመት ሥራው ሥራ ብቻ ነበር። አሁን ግን ባቡር ውስጥ ሆና እንኳ ጣቷ ጭኗ ላይ ድንኳን ይሠራ ጀመር። መሲ አይታ "ልክፍት ነው" አለቻት።

ቀሚሱ አለቀ። የታችኛው ዘርፍ፣ የእጅጌው ጫፍ፣ የደረቱ መስመር፣ የነጠላው ጥለት፣ ሁሉም ያ ወርቅማ ድንኳን ነው። ሳምሪ ለብሳው መስታወት ፊት ስትቆም አፏን ይዛ ቀረች። ስታወራ ለማትቆም ልጅ ይህ ብዙ ነው።

የቀረው እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። እትዬ ጥሩወርቅ የመርዕድ እናት ናቸው፤ ዋይትሆርን ሰፈር ነው የሚኖሩት። እንደ ወጉ ቀሚሱ በጥሎሽ ቀን ከወንዱ ወገን ለሴቷ የሚቀርብ ነው። በሽማግሌውና በዘመዱ ፊት ከሻንጣ እየወጣ፣ ስሙ እየተጠራ፣ እየተመሰገነ፣ የሴቷ ወገን ደግሞ "ይሄ ነው እንዴ?" እያለ እያናናቀ ነው የሚታየው። እሳቸው እሺ ያላሉት ቀሚስ እዚያ ሻንጣ ውስጥ አይገባም። መጡ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ፤ መነጽራቸውን አወጡ፤ ዘርፉን ጭናቸው ላይ አድርገው ዳበሱት።

"ተናኘ፣ እጅሽን ይባርከው" አሉ። "እንዲህ ያለ ጥለት አይቼ አላውቅም። በስንት ሰርግ ገብቼ ወጣሁ፣ አላየሁም። ስሙ ማን ይባላል?"

ተናኘ ደክሟታል። ደግሞም ደስ ብሏታል፤ ደስታና ድካም አንድ ላይ ሲመጡ ሰው አያስብም። "ቀንድ አውጣ" አለቻቸው።

የእትዬ ጥሩወርቅ እጅ ጨርቁ ላይ ቆመ። "ምን?"

"ቀንድ አውጣ ነው። ላይ ቤት ካለ የባሕር ቀንድ አውጣ ነው የቀዳሁት።"

"ፖይዘነስ ነው ደግሞ" አለች ሳምሪ፣ ልታግዝ ብላ። "ሰው ይገድላል። ኢዝንት ዛት ሶ ኩል?"

እትዬ ጥሩወርቅ መነጽራቸውን አወለቁ። "እንግዲህ በጥሎሽ ቀን ሚዜው ቀሚሱን ከፍ ያደርግና፣ ያ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት፣ 'ቀንድ አውጣ' ሊል ነው። ለማን ነው የሚለው? ለልጄ? ልጄን ቀንድ አውጣ ብዬ ልዳረው? መርዕድ እንኳን ተነግሮት፣ ሳይነገረውም ቀንዱ ብቅ እያለ አስቸግሮኛል።"

"የእንስሳው ስም ነው እኮ እትዬ።"

"የእንስሳው ስም መሆኑን አውቃለሁ። ጆሮ ግን የሚሰማው ሌላ ነው። መርዝም አለበት አላችሁ። የሚበላም አይደለም፣ ርኩስ ነው። አንዱን ስተወው አንዱ።" ቀሚሱን አጣጥፈው፣ ቀስ ብለው፣ ሳይጥሉ አልጋው ላይ አስቀመጡት። "ጥልፍሽን አልጠላሁም። ሻንጣዬ ውስጥ ግን አይገባም።" ሄዱ። ሳምሪም እየተነጫነጨች ተከተለቻቸው።

ተናኘ በማግስቱ ሆቴል ውስጥ አንሶላ እየጎተተች ነገሩን ለመሲ ነገረቻት። "ለአለቃው ልንገረው በቃ፣ ላውንደሪ እገባለሁ" አለች።

"ወሩ አላለቀም፤ ምን አስቸኮለሽ? ስሙን ቀይሪው። 'ፀሐይ' በይው። 'የንግሥት ድንኳን' በይው። ማን ያውቅብሻል?"

"እኔ አውቃለሁ።"

"አንቺ ብታውቂ ማን ይጎዳል?"

ተናኘ አንሶላውን መጎተቷን ቀጠለች። ልቧ ግን እንቢ አላት። አባቷ ጥለት ሲሰይም ከሆነው ነገር ነበር የሚሰይመው፤ ዓይን ከመሰለ ዓይን፣ መስቀል ከሆነ መስቀል። በሕይወቷ ብዙ ነገር እሺ ብላ አሳልፋለች፤ ይህን ብቻ እሺ ማለት አቃታት። ያን ሁሉ ቀን አይታው ፀሐይ ነው ብትል፣ ያየችው ሁሉ ውሸት የሚሆን መሰላት።

በዚያው ሳምንት በድሉ ከአዲስ አበባ ተመለሰ። ሻንጣውን ሳይፈታ ገንዳው ፊት ተቀመጠ፣ ከዚያ የቀሚሱን ወሬ ሰማ። ሳቀ፣ ግን የተናኘን ፊት አይቶ አቆመ። እትዬ ጥሩወርቅን ያውቃቸዋል፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ የሚሳፈሩት በሱ አውቶቡስ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሲሳፈሩ "እትዬ፣ አንድ ቀን መጥተው ይዩት። ሳይታይ የተፈረደበት ወንጀለኛ ሆነ እኮ" አላቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ተናኘ ሻይ አቀረበች፤ ከዚያ በላይ አልተናገረችም።

"መሪጌታን ጠይቄአቸዋለሁ" አሉ እትዬ ጥሩወርቅ እንደተቀመጡ። "'ቀሚሱን ካልበላችሁት ግድ የለም' አሉኝ። የርኩሱ ነገር እንግዲህ ተነሣ። መርዙንም ተውኩት፤ ክር አይናደፍም። የኔ ጭንቅ ስሙ ነው።"

በድሉ ሳጥኑን ወደ መስታወቱ አስጠግቶ ቀንድ አውጣውን አሳያቸው። መነጽራቸውን አድርገው አፍንጫቸው መስታወቱን እስኪነካ ቀረቡ። ከሰላው ጫፍ ያ ቱቦ ቀስ እያለ ወጣ፤ ነጭ፣ ጥቁር ቀለበት፣ ቀይ ከንፈር።

"ቀንዱ የታለ?" አሉ።

"ትንሽዬ ናት። ከዛጎሉ ሥር ናት፣ አትታይም" አለ በድሉ።

"ታዲያ ይሄ ምኑ ነው?"

"ማሽተቻው። በሱ ነው ውኃውን የሚያሸተው።"

"አፍንጫ ነዋ።"

"እንደ አፍንጫ ነው፣ አዎ።"

እትዬ ጥሩወርቅ ቀና ብለው ተናኘን አዩ፤ ድል ያደረገ ሰው ፊት ነው። "ይሄ ፍጡር ምን ቀንድ አውጥቷል? አፍንጫውን ነው ያወጣው። ማነው ቀንድ አውጣ ያለው?"

"ሰዉ ነዋ፣ እንደ ዘመዶቹ" አለች ተናኘ።

"ሰዉ አላየውም። አንቺ አይተሽዋል። እስቲ ደግሞ ነይ እይው፤ ስታዪው ምን ይመስልሻል? ስም አታውጪለት፤ የሚመስለውን ንገሪኝ።"

ተናኘ አጠገባቸው ቁጭ አለች። ያን ያህል ቀን ስታየው የነበረው ዛጎሉን ነው፤ ድንኳኖቹን። ቱቦውን አይታዋለች እንጂ አላሰበችበትም። አሁን አየችው። ከሥሩ ሰብሰብ ብሎ ወደ ላይ ይሄድና አፉ ላይ ይከፈታል፤ ቀና ብሎ ቆሟል።

"መለከት ነው የሚመስለው" አለች።

"መለከት" አሉ እትዬ ጥሩወርቅ፣ ቃሉን በምላሳቸው እያጣጣሙ። "በሰርግ ቀን መለከት ቢነፋ ምን ነውር አለው?"

"የለውም።"

"ውሸት ነው?"

ተናኘ እንደገና አየችው። "አይደለም" አለች።

"እንግዲያውስ ቀሚሱን አጣጥፊና በላስቲክ አድርገሽ ስጪኝ። ሻዩንም ድገሚኝ፤ ያ ሁሉ ቅዳሴ ቆሜ ነው የመጣሁት።"

ጥሎሹ ኤሪን ውድስ፣ የሳምሪ ወላጆች ቤት ሆነ። ሰዉ ሞላ፤ ጫማ ከበሩ እስከ ደረጃው ተደረደረ። ሚዜው ቀሚሱን ከሻንጣ አውጥቶ ከፍ አደረገና "ይሄ መለከት ጥለት ነው፣ በካልጋሪ ሁለተኛ የለውም" አለ። የሳምሪ አጎት እንደ ወጉ "መለከት ነው ካላችሁ ንፉትና እንስማው። እኛ ዝም ያለ መለከት አንቀበልም" ብለው አናናቁ። የወንዱ ወገን መልስ ሲፈልግ ሳምሪ ከጓዳ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ "ኖ ኖ፣ አንክል፣ ኪለር ስኔል ነው" አለች፤ ገዳይ ቀንድ አውጣ ማለቷ ነው። ቤቱ ውስጥ ያለ ወጣት ሁሉ ስልኩን አወጣ።

እትዬ ጥሩወርቅ ራሳቸውን ያዙ። "እኔ ለልጄ ስፈራ" አሉ ጎናቸው ላለችው ለተናኘ፣ "ቀንድ ያወጣችው እሷ ሆና ተገኘች።" ተናኘ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እትዬም ተከተሉ።

በሳምንቱ ስልኳ ሥራ በዛበት። እናቶች ሲደውሉ "ያን መለከቱን" ይላሉ፤ ልጆቻቸው ሲደውሉ "ያን ኪለሩን" ይላሉ። ሁለቱም አንድ ቀሚስ ነው የሚሹት። ተናኘ የእያንዳንዳቸው ቀሚስ የሌላዋን እንደማይመስል ትነግራቸዋለች፤ ላስመስለው ብትልም አትችልም። ወሩ ሊያልቅ ሲል የሆቴሉን አለቃ ላውንደሪውን ለሌላ ሰው እንዲሰጠው ነገረችው። መሲ ወሰደችው።

ተናኘ አሁንም እዚያው ማርልቦሮ፣ በድሉ ቤት ቤዝመንት ውስጥ ነው የምትኖረው። በሳምንት ሦስት ቀን ሆቴል አልጋ ታነጥፋለች፤ በቀሩት ቀናት መስኮቷ ሥር ተቀምጣ ትጠልፋለች።